የዘሩን ጤፍ የበላን ሰሞን

ዙለይካ ሀምዱ የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆና ስትመረጥ እጃቸውን ካላወጡት አምስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። የቀሩት አራቱ የእኔው ጓደኞች ናቸው። ለሊቀመንበርነት ተወዳድሬ በስድሳ ሁለት ለአምስት ተሸነፍኩና ጸሐፊ ሆንኩ። ጸሐፊነቱንም የሰጡኝ የእጅ ጽሕፈቴ ስለሚያምር እንጂ ስለወደዱኝ አይደለም። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል፤ ቁጥሩን ግን እስካሁን አልረሳሁትም። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ጊዜው 1975 ዓ.ም.፣ ቦታው ቡሬ ነው። ዙለይካ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥራ ስድስት። አባቷ አቶ ሀምዱ የበርበሬ ነጋዴ ስለነበሩ በርበሬ ስትቀነጥስና ሚዛን ስትይዝ ነው ያደገችው። ድምፅዋ ገበያ ውስጥ የተገራ ስለሆነ አዳራሹ ጥግ የሚያንቀላፋውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። አንድ ዓመል ነበራት፤ "ማን ይሄዳል?" ብላ አትጠይቅም። "አንተ ይህን ትችላለህ፤ አንቺ ያንን ትችያለሽ" ትላለች፤ የምትለውም እውነት ሆኖ ይገኛል። ስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ ሁለት ወር ሳይሞላ የሥራ ቡድን መሪ ሆና ስትቆጣን ትውላለች። እኔ ይህን እያየሁ በውስጤ እበግን ነበር።

ማኅበሩ ሥራ አያጣም። ምንጭ እናጸዳለን፣ መሠረተ ትምህርት እናስተምራለን፣ ለበዓል ኪነት እናሳያለን። ቀበሌው ወንዝ ዳር በሰጠን መሬት ላይ በዙለይካ ሐሳብ የበርበሬ ችግኝ አፍልተን ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዘማች ቤተሰብ መርዳት ነው። ልጆቻቸው ሰሜን የዘመቱባቸው እናቶች በከተማውም በዙሪያው ገጠርም ብዙ ነበሩ። ደብዳቤያቸውን እናነብላቸዋለን፣ መልስ እንጽፍላቸዋለን፣ ጎጇቸው ሲያፈስ እንከድንላቸዋለን።

እትዬ ጌጥነሽ ከእነዚህ እናቶች አንዷ ናቸው። ከቡሬ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ወጣ ብሎ ይኖሩ ነበር። ትውልዳቸው ከአዊ ነው፤ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከላማቸው ጋር በአዊኛ ነው የሚያወሩት። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንድ ልጃቸው መንበሩ በሚሊሺያነት ከዘመተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መሬታቸውን የሚያርሱላቸው ጎረቤታቸው አያ አድማሴ ነበሩ፤ አረሙ ግን ለአንዲት ሴት የሚቻል አልነበረም። ዙለይካ ይህን ሰማችና ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮሚቴውን ሰበሰበች።

"ሐምሌ አሥራ አንድ ሰኞ ሠላሳ ስምንት ሆነን ሄደን በቆሏቸውን እንኮተኩትላቸዋለን" አለች። "በገበሬ ማኅበሩ በኩል ቀድመን እናስነግራቸው፤ ድንገት መሄድ ነውር ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ቸኮለ፣ እኔ የገበያ ልጅ ነኝ፤ ማሳ አላውቅም። አንተ የገበሬ ልጅ ነህ። የረሳነው ነገር አለ?"

ነበረ እንጂ። በእኛ አገር ሰው ተሰብስቦ ማሳህ ላይ ከዋለልህ ደቦ ነው። ደቦ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል። ጠርተኸው ይምጣ፣ ሳትጠራው ይምጣ ለውጥ የለውም፤ ባለማሳው ደግሶ ያበላዋል። ደቦ ሳያበላ የሸኘ ሰው በአገር ወሬ ይሆናል። ያውም በሐምሌ፣ ጎተራ ሁሉ በተራቆተበት ወር፣ ለሠላሳ ስምንት ሰው! ይህን የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። እኔም እያወቅሁ፣ ዙለይካ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ "ምንም የለም" አልኩ።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልደብቅ አልፈልግም። አንዴ እንኳ ብትሳሳት ደስ ይለኝ ነበር። ደግሞ ድግሱም ትዝ ብሎኛል፤ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማር ልጅ ሁልጊዜ ይርበዋል። እትዬ ጌጥነሽ ከምን አምጥተው እንደሚደግሱ ግን አላሰብኩም። ማሰብ ስላልፈለግሁ ነው ያላሰብኩት።

በዚያ ዓመት የሰኔ ጾምም ረመዳንም ባንድ ሳምንት ነበር የተፈቱት፤ ስለዚህ ሰኞ ዕለት ሁላችንም በጉልበታችን ነበርን። ባንዲራ ይዘን፣ እየዘፈንን፣ ጭቃውን እየረገጥን ሄድን። ከተሜዎቹ መጀመሪያ ላይ በቆሎውን ከአረሙ ጋር እየነቀሉ አያ አድማሴን ራስ አስያዙ። ዙለይካ ሥራውን አስቆመችና እኔን ጠርታ ለሁሉም እንዳሳይ አደረገችኝ። አሳየሁ። ደስም አለኝ፤ ሠላሳ ሰባት ሰው እጄን እያየ ነበርና። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማሳው ጸድቶ አለቀ።

ልንሄድ ስንል እትዬ ጌጥነሽ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ቀሚሳቸው ታጥቧል። "ወዴት ወዴት? ግቡ እንጂ ልጆቼ!" አሉ። ቤት ውስጥ እንጀራው ተደራርቧል፤ ጠላው ተጠምቋል፤ ሁለት ዶሮ ተሠርቷል። አንደኛውን ለብቻው በሌላ ድስት የሠሩት ለእስላሞቹ ልጆች ነው፤ ማዶ ያሉ እስላም ሸማኔ ተጠርተው ነው የባረኩት። ዙለይካ ይህን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለኛ ብለው ለብቻ?" አለች። "ታዲያ ጦማችሁን ልትሄዱ ኑሯል?" አሉ እትዬ ጌጥነሽ። በላን፣ መርቀውን ተነሣን፤ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ጨፈርን።

ማግስቱን ሪፖርት ጻፍኩ። ሠላሳ ስምንት ወጣቶች ሁለት ጥማድ በቆሎ በአንድ ቀን ማረማቸውን፣ ሕዝቡም በደስታ መቀበሉን በሚያምረው ጽሕፈቴ አሰፈርኩ። ቀበሌው ወደደው። ይህ ፍኖተ ሰላም ላለው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ይላካል ተባለ፤ ዙለይካም ደብረ ማርቆስ ለሚሰጠው የወጣት መሪዎች ሥልጠና እንደምትታጭ ተነገራት። ሪፖርቱ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆይ፣ የሌሎቹ ሥራዎች ይጨመሩበት ተብሎ እኔው ጋር ቀረ።

ሐምሌ ሃያ ቀን ከመንበሩ ደብዳቤ መጣ። ዙለይካና እኔ ይዘንላቸው ሄድን። አገሩ በሙሉ ጤፍ የሚዘራበት ሰሞን ነበር፤ መንገዱን ግራና ቀኝ ያለው ማሳ ወይ ተዘርቷል ወይ ሊዘራ ሰው ወጥቶበታል። የእትዬ ጌጥነሽ የጤፍ መሬት ግን አምስቴ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ባዶውን ነበር። ዙለይካ ቆም ብላ አየችው። እኔ አልቆምኩም።

ደብዳቤውን እሷ ነች ያነበበችላቸው። መንበሩ ጤና መሆኑን፣ ብርዱን እንደለመደው፣ ጓደኞቹም ደኅና እንደሆኑ ይገልጻል። መጨረሻ ላይ፣ "እማዬ፣ ጤፉ ተዘራ ወይ? አያ አድማሴ በጊዜ አርሰውልሻል ወይ?" ይላል። እትዬ ጌጥነሽ ሁለቴ አስደገሟት። ከዚያ ዙለይካ መልሱን ልትጽፍ ወረቀት አወጣች።

"ደኅና ነኝ በይው" አሉ። "ላሚቱም ደኅና ናት በይው። ጤፉንም ዘርተናል በይው።"

ዙለይካ እስክርቢቶዋን ከወረቀቱ አነሣች። "እትዬ፣ ማሳው እኮ አልተዘራም። አሁን ስንመጣ አይቼዋለሁ። አመመዎት እንዴ?"

"ምን ያመኛል! አንቺ ያልኩሽን ጻፊ።"

"ውሸት እንዴት እጽፋለሁ?"

"ሰው አገር ያለ ልጅ ሆዱ እንዳይባባ ብዬ ነው፤ ጻፊ የኔ ልጅ" አሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ። ዙለይካ "ቆይቼ እጨርሰዋለሁ" ብላ ወረቀቱን አጠፈች።

አያ አድማሴን አጥር ሥር አገኘናቸው። በሬያቸውን እየነዱ ነበር። ዙለይካ ቀረብ ብላ፣ "አያ አድማሴ፣ የእትዬ ጤፍ ለምን አልተዘራም? እርስዎ ሰዓት አጡ?" አለቻቸው።

"ሰዓትስ አላጣሁም፤ ዘሩ ነው የታጣ" አሉ።

"ዘሩ የት ሄደ?"

አያ አድማሴ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። "ዘሩንማ እናንተው በላችሁት እኮ። ሠላሳ ስምንት ሰው በምን ይበላል? ለዘር ያስቀመጡትን ጤፍ አስፈጩት። አያርጉ ብያቸው ነበር፤ ደቦ መጥቶ ጦሙን ከሚሄድ መሬቴ ጦሙን ይደር አሉ።" በሬያቸውን ነድተው አለፉ። ጥቂት ሄደው ዞር አሉና፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተዘራ ወዲያ አይሆንም፤ ሳያፈራ ዝናቡ ጥሎት ይሄዳል" አሉን።

አሥር ቀን ነበር የቀረው። ያ ጤፍ ካልተዘራ እትዬ ጌጥነሽ እስከሚቀጥለው ዓመት በበቆሎ ብቻ ሊያድሩ ነው፤ እሱም ከበቃ። ወደ ከተማ አቀናን። ከዚያ ዙለይካ፣ "ደቦ እንደሚያበሉ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። እርምጃዬን አዘግይቼ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ። "ቸኮለ፣ እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር" አለች። አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ እልህ ይይዘኝና እገላገለው ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ከኋላዋ እንደ ሌባ እግሬን እያየሁ ሄድኩ።

በማግስቱ ማርያም ነበረች። ዙለይካ ከአባቷ ጤፍ ለምና በአህያ ጭና ብቻዋን ሄደች። ከሰዓት በኋላ አህያዋን እንደጫነች ተመለሰች።

"አልቀበልም አሉኝ" አለች። "ይህ ምንድን ነው አሉኝ፤ ዘር ነው አልኳቸው። 'ያበላኋችሁን ልትመልሱልኝ ነው? ቤቴ ሆቴል መሰለሽ?' አሉኝ። ቸኮለ፣ ተቆጥተው እንኳ አይደለም፤ አዝነው ነው። እናንተ አገር ሰው የሚረዳው እንዴት ነው? ብንሠራላቸው ደገሱ፤ ብንሰጣቸው አዘኑ።"

በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ደቦ እንዳለ፣ ወንፈልም እንዳለ። ወንፈል ተራ ነው፤ ዛሬ አንተ ለኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ። ስንቅህን ይዘህ ትመጣለህ፤ ማንም ለማንም አይደግስም፤ ሰውም ከሰው አያንስም። እትዬ ጌጥነሽ የሚቀበሉት ተራቸውን ከሠሩ ብቻ ነው፤ የሚሠሩልን ነገር ግን ሊኖረን ይገባል አልኳት።

ዙለይካ ብዙ አላሰበችም። "በርበሬውስ?" አለች።

በርበሬያችን እውነትም ጉድ ሆኖ ነበር። ዙለይካ የደረቀ በርበሬ እንጂ የበቀለ አታውቅም፤ እኛም ዘሩ በበዛ ቁጥር የሚበቅለውም ይበዛል ብለን ነው የዘራነው። መደቡ ላይ ችግኙ ተጨናንቆ፣ እርስ በርሱ ተቃቅፎ፣ ውኃ ተኝቶበት ሥሩ መበስበስ ጀምሮ ነበር። መተከያው ጊዜ ደግሞ ደርሷል። በዚያ አካባቢ ደግሞ የእትዬ ጌጥነሽን ያህል በርበሬ የሚያውቅ አልነበረም።

ያንኑ ቀን አዳራሹ ውስጥ ሠላሳ ስምንታችንንም ሰበሰበችን። በዚያ ዘመን ሂስና ግለ ሂስ የሚባል ነገር ነበረ፤ አብዛኛውን ጊዜ "አርፍጄ መጥቻለሁ፣ አስተካክላለሁ" ተብሎ የሚታለፍ ነው። ዙለይካ ግን ቆመችና፣ "የዘማች እናት የዘር ጤፍ አስበልቻችኋለሁ። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። አገሩን ሳላውቅ መራኋችሁ" አለች። ስሜን አልጠራችም። ወደ እኔም አላየችም። መነሣት ነበረብኝ፤ እግሬም ተነሣ ተነሣ ብሎኝ ነበር፤ አልተነሣሁም። ያ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው።

ከስብሰባው በኋላ ሪፖርቱን አስወጣችኝና የድሮውን አሰርዛ አዲስ አጻፈችኝ። "ሠላሳ ስምንት ወጣቶች ሁለት ጥማድ በቆሎ አርመዋል፤ በዚያው ዕለት የባለማሳዋን የዘር እህል በልተው ጨርሰዋል በል።"

"ይህማ አይጻፍም! ሥልጠናሽ ይቀራል" አልኳት።

"ጻፍ" አለች።

ጻፍኩ። ሥልጠናውም ቀረባት፤ ለሌላ ቀበሌ ልጅ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ዙለይካ ሹመት የሚባል ነገር አልደረሳትም። የአባቷን ሱቅ ወረሰች፤ ሰባት ልጅ ወለደች፤ ዛሬም ቡሬ ገበያ ስትሄዱ ታገኟታላችሁ። ሁለት ነጋዴ ሲጣላ ዳኛ ቤት ከመሄዱ በፊት እሷ ዘንድ ይሄዳል። ሁለቱንም እስከ መጨረሻ ትሰማና፣ "የረሳችሁት ነገር አለ?" ብላ ትጠይቃቸዋለች። እኔ ስትጠይቅ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ዓርብ ጠዋት ዙለይካና እኔ እትዬ ጌጥነሽ ደጅ ደረስን። ዙለይካ አልተቀመጠችም። "እትዬ፣ ለእርዳታ አይደለም የመጣሁት፤ ልለምንዎ ነው" አለች። "በርበሬያችን ሊሞት ነው። የሚያውቅ ሰው አጣን። በወንፈል ይምጡልን። ድግስ የለንም፤ ስንቅዎን ይዘው ነው የሚመጡት። ተራዎ ሲደርስ እኛም ስንቃችንን ይዘን እንመጣለን።"

እትዬ ጌጥነሽ ቀና ብለው አዩዋት። "ወንፈል ማን ነገረሽ?" አሏት።

"ጸሐፊያችን።"

ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ዶማቸውን ከግድግዳው አነሡ።

ችግኙን ሲያዩ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሳቁ። "ይኸን የዘራ እጅ በርበሬ አይቶ ያውቃል?" አሉ። ዙለይካ እጇን አወጣች። ከዚያ ወዲያ ሊቀመንበሯ እሳቸው ሆኑ። ውኃው የሚወርድበት ቦይ አስቆፈሩን። የታመመውን ከጤነኛው እየለዩ፣ ደካማውን እያሳሱ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል በክንዳቸው እየለኩ አሳዩን። የሰነፈውን በስሙ እየጠሩ ይቆጣሉ፤ የሁላችንን ስም ለማወቅ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ዙለይካ ከአጠገባቸው አትለይም፤ ያሉትን በዚያ በገበያ ድምፅዋ ለሁሉ ታሰማለች። ዓርብና ሰኞ ሁለት ቀን ዋሉልን፤ ማሳው ተተክሎ ሞላ።

በኛ አገር ችግኝ ያሳሳ ሰው ከተረፈው ጤነኛ ችግኝ ድርሻ አለው። እኛ ከሚገባው በላይ ዘርተን ስለነበር የተረፈው ብዙ ነው። ዙለይካ፣ "ይህ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ሕጉ ነው አሉኝ" አለቻቸው። "ሕጉስ ነው" አሉ እትዬ ጌጥነሽ። ችግኙን አገላብጠው አዩ። "ግን ይኸን ሁሉ እኔ የት እተክለዋለሁ? በጤፍ ዘር የሚለውጠኝ ሰው ከተገኘ ነው እንጂ" አሉ። ከዙለይካ ጋር ተያዩ። ሁለቱም አልሳቁም፤ ሁለቱም ግን ያውቁ ነበር።

"አባቴ ይለውጣል" አልኩ።

ማክሰኞ ችግኙን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ ውኃ አርከፍክፌበት፣ ተሸክሜ ወደ አባቴ ሄድኩ። አባቴ ወልደ ሥላሴ ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው። ችግኙን አንድ በአንድ አየው። "የሚያውቅ እጅ ነው የለየው" አለ። ዘሩ ለማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ያወቅሁትንም፣ ዝም ያልኩትንም። ይመታኛል ብዬ ነበር። ጎተራው ውስጥ ገብቶ ንጹሕ የዘር ጤፍ በቁና ሰፍሮ አወጣልኝ። ሰፍሮ ሲጨርስ አንድ እፍኝ ጨመረበትና፣ "ለሴትዮዋም እንደነገርከኝ ትነግራታለህ" አለኝ።

መድኃኔ ዓለም በዋለ ማግስት፣ ሐምሌ ሃያ ስምንት፣ ሁላችንም በጠዋት እትዬ ጌጥነሽ ማሳ ላይ ነበርን። ጤፍ ልል መሬት አይወድም፤ ከመዘራቱ በፊት ማሳው እስኪጠጥር ይረገጣል። ይህ የከብት ሥራ ነው። የመንደሩ ከብት ግን በዚያ ሰሞን ተራ ይዞ ለየማሳው ይነዳል፤ እሳቸው ዘንድ ያለችው አንዲት ላም ናት። ስለዚህ እኛ ጫማችንን አውልቀን፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ ከዳር እስከ ዳር እየዘፈንን ረገጥነው። ከፊታችን ላሚቱ ትሄዳለች፤ እትዬ ጌጥነሽ በአዊኛ ያበረታቷታል። እኛ በረገጥነው ላይ አያ አድማሴ ከኋላ እየተከተሉ ዘሩን ይበትናሉ። ለመንበሩ ዘርተናል ብሎ መጻፍ አሁን ውሸት አይሆንም። ዝናቡ ያካፋል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም፤ የአባቴ ትእዛዝ ግን ገና አልተፈጸመም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ አረፍን። ሁሉም ስንቁን ፈታ፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ቂጣ። እትዬ ጌጥነሽ ከቤታቸው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ለእሳቸው ይህ ከበደ፤ ደጃፉ ላይ ቆመው እጃቸውን የት እንደሚያስቀምጡት አጡ። ዙለይካ ነጠላዋን ሣሩ ላይ ዘርግታ፣ "እትዬ፣ እዚህ ይቀመጡ" አለቻቸው። ተቀመጡ። እናቷ የጋገሩትን ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። ቀምሰው አላመጡና፣ "ጨው አነሰው" አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ ዙለይካ ከሁሉ በላይ ሳቀች።

ያን ጊዜ ተነሣሁ።

"እትዬ፣ ያኔ ለአረሙ ስንመጣ አንቱ እንደሚደግሱ አውቅ ነበር። ዙለይካ ጠይቃኝ ነበር። ምንም የለም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ስለ እኔ ነው ጥፋቱን የወሰደች።"

ሳቁ ቆመ። ሠላሳ ስድስት ሰው አየኝ። ዙለይካ ግን ሣሩን ነበር የምታየው።

እትዬ ጌጥነሽ ማላመጣቸውን አላቋረጡም። "አውቃለሁ" አሉ። "ከተሜዎቹማ የሰጠኋቸውን በልተው እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ሦስት ጊዜ ያስጨመርክ አንተ ብቻ ነህ። የገበሬ ልጅ መሆንህን ያን ቀን ነው ያወቅሁ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። እሳቸው የያዙትን ዳቦ ለሁለት ቆረሱና ግማሹን ወደ እኔ ዘረጉት።

"ቁጭ በልና ብላ" አሉኝ። "ማሳው ገና ግማሹ አልተረገጠም።"